የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት

ማዘንጊያ የደም ከረጢቱን ሰቀለች። ስሙን አንዴ ከከረጢቱ፣ አንዴ ከሕመምተኛዋ የእጅ አንጓ መለያ ላይ ጮክ ብላ አነበበች። የደሙን ዓይነት አነበበች። ረዳቷ እትዬ ሸዋአለምም ከጎኗ ቆመው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ደግመው አነበቡ። ከዚያ መቆጣጠሪያውን በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ስታላላው የመጀመሪያዋ ጠብታ ጥቂት አመነታችና ወረደች። ማዘንጊያ ወንበር ስባ ከአልጋው ራስጌ ተቀመጠች።

መቀመጥ ቀላል ነገር ይመስላል። ለፕራክቲካል ነርስ ግን አይደለም። ፕራክቲካል ነርስ ከተቀመጠች ወይ ታማለች፣ ወይ ሰንፋለች ይባላል፤ ማዘንጊያም በዚህ ሆስፒታል በሠራችባቸው ዓመታት ከወንበር ጋር የምትገናኘው ስትወለውለው ብቻ ነበር። ዛሬ ግን መቀመጥ ግዴታዋ ነው። ደም የሚሰጠው ሰው ደሙ ካልተስማማው ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ገና ከጅምሩ ነው። ስለዚህ ኃላፊዋ ነርስ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ከሕመምተኛው አጠገብ አትለይም። ብርድ ብርድ አለው ወይ፣ ወገቡን አመመው ወይ፣ ቆዳው ሽፍ አለ ወይ እያለች ትጠብቃለች። በዚህ መሀል ሌላ ሥራ ከመጣ ሌላ ሰው ታዛለች። ሕጉ ይኸው ነው።

ችግሩ ማዘዙ ላይ ነበር።

ፈታኟ መምህርት፣ ኡስታዛ ሉጥፊያ፣ ቶብ የሚሉትን ነጭ መጎናጸፊያዋን ትከሻዋ ላይ መልሳ በመስኮቱ አጠገብ ቆማለች። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሳቅ የማታበዛ ሱዳናዊት ናት። ከፕራክቲካል ነርስነት ወደ ዲግሪ የሚያሻግረውን ትምህርት ሱዳኖቹ «ተጅሲር» ይሉታል፤ ድልድይ መዘርጋት እንደማለት ነው። ማዘንጊያ ቀን እየሠራች፣ ማታ ማታ እየተማረች የድልድዩ ጫፍ ላይ ደርሳለች። የቀራት ይህ የተግባር ፈተና ብቻ ነው። ባለፈው መንፈቅ ወድቃበታለች፤ ሁለት ጊዜ የወደቀ ደግሞ ይሰናበታል። ካርቱም ውስጥ፣ ጀሪፍ በሚባለው ሰፈራቸው ያለው ሐበሻ ይህን ሁሉ ያውቃል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚል ሰው እንዳለም እሷ ታውቃለች። ይበሉ። የብብቷ ከብብቷ አለ፤ የቆጡ ነው ገና ያልወረደው።

የወደቀችው ባለማወቅ አልነበረም። ያን ጊዜም ደም አስጀምራ ተቀምጣ ነበር፤ ያን ጊዜም ለረዳትነት የደረሷት እትዬ ሸዋአለም ነበሩ። አንድ ሐኪም ከወዲያ ማዶ ከታችኛው ፎቅ መድኃኒት እንዲመጣለት ተጣራ። ማዘንጊያ ወደ ረዳቷ ዞር አለች። እትዬ ሸዋአለም አንሶላ ያጣጥፋሉ፤ አንድ እጃቸው ግን ጉልበታቸውን ይዟል። ሊፍቱ ከቆመ ከርሟል። እሷን አልጋቸው ላይ አስተኝተው እሳቸው መሬት የተኙላትን ሴት «ይውረዱና ያምጡ» ልትል? አፏ እምቢ አላት። ራሷ ብድግ ብላ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች፣ እየሮጠች ወጣች። ሕመምተኛው ምንም አልሆነም። ሉጥፊያ ግን ወረቀቷን አጠፈችና፣ «እግርሽ ጎበዝ ነው» አለቻት። «እኔ ግን የምፈትነው እግር አልነበረም።»

የዚያን ዕለት በሐፍላው አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ጀሪፍ ሲመለሱ እትዬ ሸዋአለም እጇን ይዘው፣ «እኔን በደረጃ ላይ ከምታንከራትቺ መውደቁን መረጥሽ» አሏት። «ተባረኪ። አሳዳጊ አልበደለሽም።» ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ማዘንጊያ ምርቃቱን አሜን ብላ ተቀበለች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እንደ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ይዛው ትሄዳለች። መውደቋን እንደ ስጦታ ለተቀበለ ሰው ማለፍን ምን ብለው ይሰጡታል?

ውለታው እንዲህ በቀላሉ የሚረሳ አይደለም። ማዘንጊያ ካርቱም እንደገባች አል-ማንሺያ ሰፈር ከአንድ ባለጸጋ ቤት ተቀጥራ ነበር። ወባ ሲጥላት አሠሪዎቿ ከነጓዟ የሆስፒታሉ በር ላይ አውርደዋት ሄዱ። እዚያ ያገኟት እትዬ ሸዋአለም ናቸው። አሳከሟት፤ ወደ ጠባብ ክፍላቸው ወሰዷት። ከዳነች በኋላ ወደ ሰው ቤት አልመለሷትም፤ ሕመምተኛ ሳይነሳ አንሶላ እንዴት እንደሚለወጥ፣ የሕፃን ደም ሥር በጣት እንዴት እንደሚፈለግ አስተማሯት። አለቆቹን ለምነው ኮርስ ያስገቧትም እሳቸው ናቸው። እናት ከዚህ ሌላ ምን ታደርጋለች?

ሰሞኑን ዕጣው እንደገና ከዚሁ ክፍልና ከእሳቸው ጋር ሲያገናኛት ባሏ ስለሺ ነበር የተጨነቀው። ስለሺ ቡሪ ሰፈር ውስጥ መኪና ይቀባል፤ ተፍቆ እንደገና የማይቀባ ነገር ያለ አይመስለውም።

«ክፍል ለውጡልኝ በያቸዋ» አላት።

«ከዚያስ? ዲግሪውን ይዤ የት ልገባ ነው? የትም ብሄድ አንዲት እትዬ አላጣም።»

«እንግዲያው አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ይገባቸዋል።»

ማዘንጊያ ይህንንም አስባበት ነበር። «ነግሬያቸው እሺ ካሉኝ፣ የእሳቸው ፈቃድ ሆነ እንጂ የእኔ ትእዛዝ አልሆነም» አለችው። ስለሺ ጣቱ ላይ የደረቀውን ቀለም ይፍቅ ጀመር።

አሁን ሕመምተኛዋን ታያለች። የቡሪዋ ሐጃ ረሺዳ ኩላሊታቸውን ታመው ደም ያነሳቸው አሮጊት ናቸው፤ ሒና የነካው መዳፋቸው ነጣ ብሏል። ማዘንጊያ የልብ ምታቸውን በጣቷ ያዘች። ደህና ነው። ሙቀታቸው ደህና ነው። «ብርድ ይልዎታል ሐጃ?» ስትላቸው፣ «በካርቱም ሙቀት? ከየት መጥቶ!» አሉና በጥርስ አልባ ድዳቸው ሳቁ።

ዶክተር ሀሰን የገባው ይህን ጊዜ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቸኳይ ነው። ከነርሶቹ ሁሉ የማዘንጊያን ስም አስቀድሞ የለመደው ተጠርታ ስለማትዘገይ ነው። ስምንት ቁጥር አልጋ ዘንድ ቆሞ ወረቀት አገላበጠ፤ የሚፈልገውን አላገኘም።

«ያ ማዘንጊያ! የዚህችኛዋ የደም ውጤት የታለ? ያላ፣ ላብራቶሪ ውረጂና አምጪልኝ!»

እግሯ ሰማው። ከራሷ ቀድሞ የሰማው እግሯ ነው፤ ተረከዟ ከመሬት ሲነሳ፣ ጉልበቷ ሲወጠር ታወቃት። ይህ እግር ጌታ ሲጠራው አቤት ብሎ፣ ታላቅ ሲገባ ብድግ ብሎ ያደገ እግር ነው። ጨዋ እግር ነው። ማዘንጊያ ሁለት እጇን ጭኖቿ ላይ ጫነችና መልሳ አስቀመጠችው።

«አልሰማሽኝም?» ዶክተሩ ቀና አለ።

«ሰምቻለሁ ዶክተር። ደም አስጀምሬያለሁ፤ ሰዓቱ እስኪሞላ ከዚህ አልነሳም። ሲስተር ሸዋአለም ያመጡልዎታል።»

ድምፅዋ እሷ ከጠበቀችው በላይ ጥርት ብሎ ወጣ። ሉጥፊያ መስኮቱ አጠገብ አልተንቀሳቀሰችም። ማዘንጊያ ፊቷን ወደ ረዳቷ መለሰች፤ በአማርኛ ለማለት እንደሚከብዳት እያወቀች በአማርኛ አለችው።

«እትዬ ሸዋአለም፣ ላብራቶሪ ይውረዱና የስምንት ቁጥሯን ውጤት ያምጡልኝ።»

የእትዬ ሸዋአለም እጆች አንሶላው እጥፋት ውስጥ እንዳሉ ቀሩ።

«እኔ?»

«አዎ፣ እርስዎ።»

ይቅርታ ልትጨምርበት ትችል ነበር። «ጉልበትዎን እንደሚያምዎ አውቃለሁ፣ ግን» ልትል ትችል ነበር። ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ልመና የተቀላቀለበት ትእዛዝ ሰሚውንም ሕመምተኛውንም አይጠቅምም። እትዬ ሸዋአለም አንሶላውን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡ። ቀና ብለው እንደማያውቋት ሰው አዩዋት።

«ሐዲር» አሉ።

በዚህ ክፍል «ሐዲር»፣ «እሺ፣ ታዝዣለሁ»፣ የሚባለው ለሐኪም ነው፤ ለአለቃ ነው። ከታላቅ ወደ ታናሽ ወርዶ አያውቅም። እሳቸው ወጡ፤ ከደረጃው በኩል የሚሰማው እርምጃቸው አንድ እግር ቀድሞ ሌላው እየተጎተተ የሚከተል ነበር። ዓይኗን ከከረጢቱና ከአሮጊቷ ፊት አላነሳችም። አፈረች? ራሷን ጠየቀች፤ አላፈረችም። አዝናለች፤ በጣም አዝናለች፤ ኀዘንና ኀፍረት ግን አንድ እንዳልሆኑ ዛሬ ገና አወቀች። የሚያውቁትን ሁሉ ያስተማሯት ሴት ይህን አንዱን ሊያስተምሯት አይችሉም ነበር፤ እሳቸውንም ማንም ወንበር ላይ አስቀምጧቸው አያውቅም።

«እናትሽ ናት?» አሉ ሐጃ ረሺዳ።

«እንደ እናቴ ናቸው።»

«ታዲያ እናት ትላካለች?»

ማዘንጊያ መቆጣጠሪያውን አየች፤ ጠብታው እንዳለ ነው። «እርስዎን ጥዬ ከምሄድ ብዬ ነው ሐጃ» አለች።

«ወላሂ ከባድ ነው» አሉ አሮጊቷ፤ ደም የማይሄድበትን ነፃ እጃቸውን ዘርግተውም የማዘንጊያን ጣቶች ያዙ። ጣቶቹን እንደያዙ ሸለብ አደረጋቸው።

እትዬ ሸዋአለም ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ተመለሱ። ወረቀቱን ለዶክተሩ ለመስጠት ጥቂት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ተመልሰው መጥተው ለማዘንጊያ ሰጧት። እሷ አነበበችው፤ ከመደበኛው ወጣ ያለችውን አንዲት ቁጥር በጣቷ አሳይታ ለዶክተሩ አቀበለችው። ዶክተር ሀሰን ቁጥሯን አይቶ፣ «ሹክራን» አለና ወደ ስምንት ቁጥሯ ዞረ። ሰማይ አልተደፋም።

ሩብ ሰዓቱ ሞላ። ማዘንጊያ የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱን፣ ሙቀቱን እንደገና ለካች፤ ጻፈች፤ የጠብታውን ፍጥነት ጨመረች። ሉጥፊያ ቀረብ ብላ ካየች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያችን ሴት ማዘዝ ከበደሽ?»

«ከብዶኛል ኡስታዛ።»

ሉጥፊያ ብዕሯን ከፈተች፤ አንድ ነገር ጽፋ ዘጋችው። «ውጤቱ ሐሙስ ይለጠፋል» ብላ ወጣች። ማዘንጊያ እስከ ሐሙስ መጠበቅ አላስፈለጋትም። የሠራችውን ታውቃለች፤ በሕይወቷ እንዲህ የምታውቀው ነገር ጥቂት ነው። የማታውቀው ሌላውን ነበር።

ቀኑን ሙሉ እትዬ ሸዋአለም አላናገሯትም። አኮረፉ ለማለትም አይመችም፤ የተባሉትን ሁሉ ሠሩ፤ «ሙቀቷን ይለኩልኝ» ስትል ለኩ፤ ቁጥሩን አሳምረው ነገሯት። ከሥራው ውጭ ግን አንዲት ቃል ትርፍ አልነበረችም። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻቸውን በሉ። ማዘንጊያ ከሩቅ እያየቻቸው ምግቧን ሳትነካ መለሰች።

የሥራ ሰዓት ሲያልቅ የሐጃ ረሺዳ ከረጢት ጥቂት ቀርቶት ነበር። የፈተናው ጉዳይ አብቅቷል፤ ማታ ገቢዋ ነርስም ደርሳለች፤ ማዘንጊያ ግን የጀመረችውን ራሷ ልትነቅል ፈለገች። እትዬ ሸዋአለም ልብሳቸውን ለውጠው፣ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ከበሩ ላይ ቆሙ። እስከ ዛሬ አንዷ ሌላዋን ጥላ ወደ ጀሪፍ ሄዳ አታውቅም።

«ልጠብቅሽ ወይስ ልሂድ?» አሉ። ዓይናቸው ኮሪደሩ ላይ ነበር።

«እንደ ፈቃድዎ እትዬ» ማለት ነበር ወጉ። ማዘንጊያ ወጉን ታውቀዋለች። ነገር ግን እንዲህ ካለቻቸው ሴትየዋ በዚያው ጨዋነት፣ በዚያው ዝምታ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ብቻቸውን እንደሚሄዱም ታውቃለች። ነገም ከነገ ወዲያም እንዲሁ።

«ይጠብቁኝ» አለች። «አብረን ነው የምንሄደው።»

እትዬ ሸዋአለም ዘወር ብለው በኮሪደሩ ወዳለው ረዥም አግዳሚ ወንበር እያነከሱ ሄዱ። ማዘንጊያ በተከፈተው በር በኩል አየቻቸው። ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ጉልበታቸውን አሹ፤ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ጠያቂው እየበዛ ወንበሩ በአንድ አፍታ ሞላ። እትዬ ሸዋአለም ቦርሳቸውን ከጭናቸው አነሱና አጠገባቸው በቀረችው ክፍት ቦታ ላይ አስቀመጡት። አንድ ጀለቢያ የለበሰ ሰው ሊቀመጥ ሲጠጋ እጃቸውን ቦርሳው ላይ ጣል አድርገው በዐረብኛ፣ «ሰው አለበት» አሉት።