የቀበሮ ጥርስ

የጥርስ ሐኪሟ እንጆሪ እንጆሪ የሚሸት ቅባት በጥጥ ነክራ የናስትሆን ድድ ስታሽ፣ የልጅቷ እናት ዴቃ ዐይኗን የተከለችው በሐኪሟ ሌላ እጅ ላይ ነበር። ጥጥ ያቀረበ ሰው መርፌ ደብቋል፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ዴቃ ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ስትቸረችር ያደገች ሴት ናት። ገና ሳይጠየቅ ሻይ የሚጋብዝ ነጋዴ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚያወርድባት በደንብ ታውቃለች። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

ውጭ ሆና እንድትጠብቅ በትሕትና ተነግሯት ነበር። እምቢ አለች። አሁን ከወንበሩ ራስጌ ቆማ፣ ጥላዋ መብራቱን እስኪከልል ድረስ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ሶሲና የምትባለው ሐኪም ደግሞ ሳትቆጣ መብራቱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ይህ ትዕግሥቷ ራሱ ዴቃን አሳሰባት።

ሐኪሟ የመድኃኒቱን ብልቃጥ በጭብጧ ይዛ ትንሽ ቆየች። ለምን እንደሆነ ዴቃ ስትጠይቃት፣ ማደንዘዣው ቀዝቃዛ ከሆነ ሲገባ እንደሚያቃጥል፣ በእጅ ሙቀት ለብ ካለ ግን ልጅቷ ከነአካቴው ላታውቀው እንደምትችል ነገረቻት። ዴቃ ራሷን ነቀነቀች። ከመሀል አገር መጥቶ፣ ለማያውቀው ሰው ልጅ መርፌ የሚያሞቅ ማን ነው? እናት እንኳ ለልጇ እንዲህ አትጨነቅም፤ አንድ ነገር ቢኖር ነው እንጂ።

«ናስትሆ፣ ካመመሽ ግራ እጅሽን አንሺ፤ ወዲያው አቆማለሁ» አለች ሶሲና።

ናስትሆ የእናቷ ልጅ ናት። መሰርሰሪያው ገና ሲጮኽ፣ ምንም ሳይነካት፣ እጇን አነሳች። መሣሪያው ቆመ። እንደገና አነሳች፤ እንደገና ቆመ። ከዚያ በኋላ ጉንጯ ደንዝዞ በአንድ ወገን ፈገግ አለችና እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። ሌሊቱን ሁሉ ትራስ እየነከሰች ስታለቅስ ያደረች ልጅ፣ አሁን ጣሪያው ላይ የተለጠፉትን ዓሦች ትቆጥራለች።

እዚህ ለመምጣት ትልቅ ጠብ አልፏል። አማቷ፣ የልጆቹ አያት አዬዮ ሹክሪ፣ ለጥርስ ሕመም ጉንጭን በጋለ ብረት መተኮስ በቂ ነው ባይ ናት፤ በልጆቿም አድርጋዋለች። ዴቃ ልጄን አላስጠብስም ብላ ድርቅ አለች። ባሏ ሮብሌ ከብት ሊገዛ ሀርሺን ስለወረደ የሚዳኛቸው አልነበረም። ዴቃ ከትናንት ጀምሮ ተቅማጥ ያጣደፈውን የስድስት ወሩን ሀናድን ለአማቷ ትታ፣ ከክሊኒኩ መልስ እሱንም ጤና ጣቢያ ልታደርሰው አስባ ወጣች። አሮጊቷ ታኮርፋለች ብላ ነበር። እሷ ግን ውሃ ሳይቀር በላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችላትና እስከ በሩ ሸኘቻት።

ሐኪሟ መሰርሰሪያውን አስቀመጠች። በመስተዋቷ የታችኛውን ድድ ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«ክራንቻዎቿ መቼ ወለቁ?»

አልወለቁም፤ መጀመሪያውኑ አልበቀሉም፣ አለች ዴቃ። አዬዮዋ የሚዘገይ ጥርስ አለ ብላለች።

ሶሲና የተነሳውን ራጅ ወደ መብራቱ አቀናችው። ከሥር ሊተካ የሚመጣ ጥርስም የለም። ድዱም የቆየ ጠባሳ አለበት። ከዚያ የአፍ መሸፈኛዋን ዝቅ አድርጋ፣ በጣቷ የታችኛውን ከንፈሯን ገለጠች። የእሷም የክራንቻ ቦታ በሁለቱም በኩል ባዶ ነበር።

«እኛ ጋ ግግ ይሉታል» አለች። «ሕፃን ሲያስቀምጠው፣ ድዱ ላይ ነጣ ብሎ የሚያብጠውን ነገር የበሽታው ሥር ነው ብለው ቆፍረው ያወጡታል። እሱ ግን ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው። እኔን ያስወጣችኝ እናቴ ናት። ታናሽ እህቴ በዚያው ደም ፈሷት ሞተች።»

እነዴቃ አገር የቀበሮ ጥርስ የሚሉት ነው። ዴቃን መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው። ይህች ሴት በሰው ቤት ነገር ልትተክል ነው የመጣችው? ግን ንዴቱ አልቆየም። ናስትሆ ገና የእቅፍ ልጅ ሳለች፣ ዴቃ ታይፎይድ ጥሏት ሐረር ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ስትመለስ የሕፃኗ ድድ አብጦ ጡት አልይዝ ብላ አገኘቻት። ከአልጋ ወድቃ ነው፣ አለቻት አማቷ። አመነቻት። እሷ፣ የክር ቁጥር በጣቷ ዳስሳ የምትለይ ሴት፣ ይህን ሁሉ ዓመት አመነቻት።

ተቅማጥ የያዘው ሀናድ ትዝ አላትና ስልኳን አወጣች። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። እንደገና ደወለች። በመጨረሻ የአሮጊቷ ድምፅ ለስላሳ ሆኖ መጣ።

«አትቸኩዪ ልጄ፤ ተኝቷል። ጨርሰሽ ትመጫለሽ።»

ዴቃ ካገባች ጀምሮ አማቷ አንድም ቀን «ልጄ» ብላት አታውቅም። ከድምፁ ኋላ ደግሞ ሀናድ ሲነጫነጭ በግልጽ ይሰማ ነበር።

ናስትሆን ይዛ ልትሮጥ አሰበች። የልጅቷ መንጋጋ ጥርስ ግን ተከፍቷል፤ ከግማሽ በላይ ተጠርጓል፤ አፏ ደንዝዟል። እንዲህ ተትቶ ከተሄደ ማታ ላይ ከፊተኛው የከፋ ሕመም ይመጣል፣ አለቻት ሐኪሟ፤ ያንቺ ፈቃድ ነው። ዴቃ ጠዋቱን ሙሉ እጇን ስትሰልል ያረፈደችባትን ሴት አየቻት፤ ልጇንም አየቻት። ናስትሆ ግራ እጇን አላነሳችም።

«አደራ» አለች ዴቃ።

«እኔ ጋ ናት» አለች ሶሲና። «ሩጪ።»

የተሳፈረችበት ባጃጅ አልሮጠላትም። አስፋልቱን የሞሉት ፍየሎች መንገድ አልለቅ አሉ፤ ሾፌሩ ክላክሱን እየነፋ በሶማልኛ ይሳደባል። ዴቃ በመንገዱ ሁሉ ፈጣሪዋን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሮጊቷ ሰነፍ እንድትሆንላት። አሮጊቷ ግን በሕይወቷ ሰንፋ አታውቅም።

ባጃጁን በር ላይ አስቁማ ገባች። ግቢው ውስጥ ፊቷን በሻሽ የጠቀለለች፣ ከቱሊ ጉሌድ ድረስ የተጠራች ግግ አውጪ ሴት ጎንበስ ብላ እጇን ትታጠባለች። አጠገቧ ፍም ላይ፣ ከብስክሌት ጎማ የተነቀለ ቀጭን ሽቦ ተጋድሟል። አዬዮ ሹክሪ ሀናድን ጭኗ መሀል አስገብታ፣ ሁለት እጁን በአንድ እጇ ይዛለች።

ከመጀመሯ በፊት መታጠቧ ነው ወይስ ከጨረሰች በኋላ? ዴቃ አልጠየቀችም። ሄዳ ልጁን ነጠቀች፤ ነጥቃም በላስቲኩ ውሃ ጣቷን አጠበችና አፉ ውስጥ ከተተች። ታችኛው ድድ ትኩስ ነው፣ ያበጠ ነው፣ ሙሉ ነው። ጣቷን ስታወጣ ምራቅ እንጂ ደም አልነበረውም። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው።

አሮጊቷ አልደነገጠችም፤ አላፈረችምም።

«ሁለት ቀብሬአለሁ» አለች። «ያኔ የሚያውቅ ሰው አጣሁ፤ የቀበሮ ጥርስ በላብኝ። ናስትሆን ግን አዳንኳት። አንቺ ሐረር ተኝተሽ እኔ አዳንኳት። ይሄው ቆማ ትሄዳለች።»

ናስትሆ በእርግጥ ቆማ ትሄዳለች። ሀናድ ደግሞ እቅፏ ውስጥ ዐይኑ ጎድጉዷል፤ ሲያለቅስ እንኳ እንባ የለውም። ሆስፒታል ይዤው እሄዳለሁ፣ አለች ዴቃ።

«እዚያ ቢሞትብሽስ?»

ዴቃ ወጥታ ባጃጁ ውስጥ ገባች። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። በዚህ መሀል አሮጊቷ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ከበሩ ወጣች፤ ያቺ ከቱሊ ጉሌድ የመጣች ሴት ምን እንደምታደርግ ግራ ገብቷት ከኋላዋ ቆማለች። አዬዮ ሹክሪ የባጃጁን ብረት ይዛ ለመውጣት ሞከረችና አልሆነላትም። ከዚያ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ልጁን ስጪኝ። እንባሽ ጋርዶሻል፤ ትጥይዋለሽ።»

እውነቷን ነው፣ እንባዋ አልቆመም። ዴቃ የተዘረጉትን እጆች አየቻቸው፤ ከሕመም አልጋ ተነስታ መቆም ሲያቅታት የደገፏት እነሱ ነበሩ። ሀናድን ወደ ደረቷ ይበልጥ አስጠጋችው። አልሰጠቻትም። ግን ደግሞ ወደ ውስጥ ጠጋ አለችና ቦታ ለቀቀችላት።