የቁንጫው ክስ

የመጋዘኑ ዘበኛ ሶፋ ላይ ማደር ከጀመረ አምስተኛ ቀኑ ነው። ቅልጥሙ ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያላቸው ነጠብጣቦች ሲወጡ ሚስቱ አንዴ አየችና፣ «ቁንጫ ነው! ከዚያ ከጥበቃ ቤትህ ተሸክመህልኝ መጣህ» ብላ ከመኝታ ቤት አስወጣችው። አንሶላው ተቀቀለ፤ ፍራሹ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ነጠብጣቦቹ ግን በዙ እንጂ አልቀነሱም። ሶፋው ደግሞ ከሱ ቁመት በአንድ ክንድ ያጥራል።

ዛሬ ሐኪም ዘንድ አብረው መጡ፤ እሱ ንጹሕነቱን ሊያስመሰክር፣ እሷ ክሷን ልታጸና።

ወጣቷ ሐኪም ሱሪውን አስጠቅልላ፣ ጠፍጣፋ መስታወት ነጠብጣቡ ላይ ተጭና አየች።

«ስጫነው አይጠፋም። ደሙ ከደም ሥሩ ወጥቶ ቆዳ ውስጥ ፈሷል ማለት ነው። ቁንጫ አይደለም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?» አለች ሚስት፣ ቅር ብሏት።

«የደም ሥር ብግነት ይመስላል። ሰውነታችን ዘበኞች አሉት፤ ባዕድ ነገር ሲገባ ይይዙታል። አንዳንዴ ግን የያዙት ነገር ትንንሾቹ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሌሎች ዘበኞች ይደርሱና እዚያው ድብደባ ይጀምራሉ። ግድግዳው ይጎዳል፤ ደም ያፈስሳል።»

ዘበኛው ቀና አለ። «ይቅርታ ዶክተር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ዘበኛ ነኝ። ግድግዳ ደብድቤ አላውቅም።»

«ሌባው ግድግዳው ላይ ቢለጠፍስ፣ ጋሼ?»

አሰበ። «እሱማ... ግድግዳውም ሳይቀምስ አይቀርም።»

«እንግዲያው ይንገሩኝ፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን አዲስ ነገር ገባ?»

«ማንም አልገባም። መዝገቡ አለ።»

«መጋዘኑን አይደለም፤ ሰውነትዎን ነው። መድኃኒት ወስደዋል?»

ዘበኛው ሚስቱን በጎን አያት። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች።

«መነሻው ካልታወቀ ተመልሶ ይመጣል። ኩላሊትም ሊነካ ይችላል።»

«ጉሮሮዬን አሞኝ... ከመሳቢያው... ጥቂት ኪኒን...»

«የኔን!» ሚስቱ ብድግ አለች። «ለጥርሴ የታዘዘልኝን! ኪኒኑ ቢጎድልብኝ እህቴን ‹ሌባ› ብዬ ሳምንት ሙሉ አኩርፌያታለሁ! አንተ ቁንጫ!»

ሽንቱም ደሙም ተመረመረ፤ ኩላሊቱ ደህና ነበር። ሐኪሟ ያንን ኪኒን ዳግመኛ እንዳይነካ አስጠንቅቃ ለሳምንት ቀጠረችው።

«ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም» አለች።

«እስቲ ይድገሙላት» አለ ዘበኛው።

«አይተላለፍም። ሲተኙም እግርዎን ትራስ ላይ ከፍ ያድርጉ። ሁለት ቢሆን ይመረጣል።»

ቤት ያለው ትራስ በጠቅላላው ሁለት ነው። ኮሪደሩ ላይ ሚስት ነጠላ ጫማዋን እያየች ጥቂት ተራመደች።

«በል፣ አልጋህን ውሰድ» አለችው በመጨረሻ። «ትራሴንም ጨምር። እኔ ዛሬ የማድረው እህቴ ጋ ነው፤ ይቅርታዋ እንደሆነ በአንድ ቀን አይገኝም።»