ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ

የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል ጸሐፊዋን ተማሪዎች «እትዬ ማኅተም» ይሏት ነበር። የእሷ ማኅተም ካላረፈበት በቀር በትምህርት ክፍሉ ሰሌዳ ላይ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አትለጠፍም። እያንዳንዱ መምህር ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ እንዲያማክር ተመድቦለታል፤ የምክር ሰዓቱም በሩ ላይ ተጽፏል። በሩ ግን ዝግ ነው። ተማሪው አንኳኩቶ አንኳኩቶ ጣቱ ሲዝል ፊቱን አዙሮ እሷ ቢሮ ይገባል። የቱን ኮርስ ላስቀድም? ለመመረቂያ ጽሑፍ የቱ መምህር ይሻለኛል? ለልምምድ ተማሪ የሚቀበል ክሊኒክ የት አለ? እትዬ ማኅተም የማታውቀው አልነበረም። ሥነ ልቦና አልተማረችም፤ የተማረችው የጽሕፈት ሥራ ነው። ቢሆንም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተማሪ መክራለች፤ በዚህም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትኮራ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስልኳ ጮኸ። የደወለችው በሌላ ከተማ ያለ ኮሌጅ ጸሐፊ ናት፤ በድምፅ እንጂ በመልክ አይተዋወቁም።

«እህቴ፣ ሰሞኑን ስለ ሕፃናት ማቆያ ማስታወቂያ ይዞ የመጣ ሰው ነበር?»

«አዎ፤ መነጽር ያደረገ፣ ጨዋ ሰው። የሦስት ወር ልምምድ፣ ማደሪያ ያለው። ምነው?»

 «እንደዚያ የሚባል ማቆያ የለም» አለች ደዋይዋ። «ከእኛ ሁለት ሴቶች ልጆች ሄደው ነበር። ትናንት ድንበር ሊያሻግሯቸው ሲሉ ነው የተገኙት፤ አንደኛዋ ሆስፒታል ተኝታለች። ከእናንተ የሄደች ካለች ድረሺላት፣ እህቴ!»

እትዬ ማኅተም የስልኩን እጀታ ልታስቀምጥ ስትል ቦታውን ሳተችው። 

ሰውዬው የመጣው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ዓርብ ቀን ነው። ደንቡ ኃላፊው ይፈርማል፣ ከዚያ እሷ ታትማለች የሚል ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሰውዬው ሰዓቱን አየት አድርጎ፣ «ዕድሉ ለሌላ ኮሌጅ እንዳያልፍ ብዬ ነው እንጂ» አለ፤ ቀጥሎም፣ «እንደ እርስዎ ለተማሪ የሚጨነቅ ሰው የትም አላየሁም» አላት። ይህቺ ቃል እንደ ማር ጣመቻት። አተመችለት።

በዚያ ብቻ ቢያበቃ ምን ነበረበት! «ቀስታ» የሚሏት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ስትናገር ጆሮ ካልሰጧት የማትሰማ፣ ለልምምድ ሁለት ቦታ አመልክታ ከሁለቱም የተመለሰች። እትዬ ማኅተም ማስታወቂያውን ሰሌዳ ላይ ሳትለጥፈው በፊት ልጅቷን አስጠርታ በእጇ አስያዘቻት።

«ሩቅ አይደለም ግን፣ እትዬ?» ብላ ነበር ቀስታ።

«ቤት ቁጭ ብሎ ዕድል የለም፣ ልጄ። ሂጂ» አለቻት። ይህንን የተናገረችው በገዛ አፏ ነው። የመነሻው ቀን ደግሞ ማክሰኞ ነበር፤ ዛሬ።

ለልጅቷ ደወለች። ስልኳ ተዘግቷል። ደግማ ደወለች፤ ተዘግቷል። መዝገቧን አወጣች። የእናትየው ስልክ ቁጥር ከታች በኩል በጥንቃቄ ተጽፏል። ጣቷን ቁጥሩ ላይ አኑራ ቀረች። ምን ብላ ትጀምራለች? ልጅሽን ለቀን ጅብ ሰጠኋት ትበል? መዝገቡን እንዳቀፈች ወደ ልጅቷ አማካሪ መምህር ቢሮ ሮጠች።

መምህሩ ወጣት ነው፤ የፈተና ወረቀት ክምር ውስጥ ተቀብሮ ያርማል። የሆነውን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው።

«ቀስታ?» አለ ግራ ገብቶት። «የትኛዋ ናት?»

«የእርስዎ ተመካሪ ናት እኮ! ሁለት ዓመት ሙሉ!»

«ስልሳ ሦስት ናቸው፣ እትዬ…» አለና አፈረ። ነገር ግን ቀጥሎ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም፤ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ቀድሟት ወጣ።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ተማሪዎች መኖሪያ ነው። የክፍል ጓደኛዋን ልብስ ስታጥብ አገኟት። «አንድ ሰዓት አልፏታል ከወጣች» አለች እጇን እያደራረቀች። «ከከተማው መውጫ ያለው ነዳጅ ማደያ ጋ ሚኒባስ ይጠብቀኛል ብላለች። ለማንም እንዳትናገር ብሏታል ሰውዬው፤ ቦታው አንድ ብቻ ስለሆነ ሌሎቹ ይቀየሙሻል ብሎ። ምነው፣ እትዬ? ፊትዎ አመድ መሰለ እኮ።»

እትዬ ማኅተም ወደ መኪናው ሮጠች።

ነዳጅ ማደያው ላይ ሦስት የጭነት መኪናዎች ተሰልፈዋል። ቀስታ የለችም። ነዳጅ ቀጂው የቧንቧውን አፍ ከመኪና ነቅሎ ወደ እነሱ ዞረ።

«ትልቅ ሻንጣ የያዘች ልጅ? ነበረች። ውሃ ገዝታ ስትጠጣ አይቻታለሁ። መጋረጃ ያለው ነጭ ሚኒባስ መጣ፤ ውስጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ወርዶ ስልኳን ተቀብሎ ሲያጠፋው… እኔ አባቷ መስሎኝ ነበር።»

እትዬ ማኅተም የመኪናውን በር ይዛ ቆመች። መምህሩ ፖሊስ ጋ ደወለና የስልኩን ድምፅ ለእሷም እንዲሰማ አደረገው።

«የሰሌዳ ቁጥር?» አለ የፖሊሱ ድምፅ።

«አናውቅም።»

«የልጅቷ መልክ?»

መምህሩ ስልኩን ወደ እሷ አዞረው። እትዬ ማኅተም ናት የተናገረችው፤ ቁመቷ ትከሻዬ ድረስ፣ ቀጭን፣ ጠይም፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ፣ ቡናማ ሻርፕ።

«እርስዎ ምኗ ነዎት?»

«እኔማ…» አለች። እናቷ ነኝ ማለት አማራት። «እኔ ጸሐፊ ነኝ።»

ፖሊሱ ወደ ፊት ያለው ኬላ ላይ እንዲያስቆሙት እነግራለሁ አላቸው። እነሱ ግን ቆመው መጠበቅ አልሆነላቸውም፤ መንገዱን ይዘው ነጎዱ። ነጭ ሚኒባስ በታየ ቁጥር አንገቷን በመስኮት ታወጣለች። አንዱን እየጮኹ፣ መብራት እያበሩ አስቆሙት፤ ሹፌሩ ደንግጦ መጋረጃውን ሲገልጥ ከላይ እስከ ታች የሽንኩርት ጆንያ ነው። «ሽንኩርት መጫን ተከለከለ እንዴ?» አለ ሰውዬው። በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

«ማስታወቂያው ላይ ኃላፊው ፈርመዋል?» አለ መምህሩ ድንገት፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

«አልፈረሙም። እኔው ነኝ።»

 «እኔም እኮ» አለ መምህሩ፣ «ባለፈው መንፈቅ የምክር ቅጿን ፈርሜያለሁ። ሳላያት። ጠረጴዛዬ ላይ ከሌሎቹ ጋር ተቆልሎ አገኘሁት፣ ፈረምኩት፣ አለቀ። ለልምምድ ቦታ አጥታ እንደምትንከራተት ዛሬ ገና ከእርስዎ ሰማሁ።»

ኬላው ሲደርሱ ነጩ ሚኒባስ በሮቹ ተበርግደው ከመንገዱ ዳር ቆሟል። ሹፌሩ እጁ ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሁለት ሴቶች ልጆች ደግሞ ጥላ ሥር ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። እትዬ ማኅተም መኪናው ገና ሳይቆም ወረደች። የአንደኛዋን ፊት አየች፤ አይደለችም። የሁለተኛዋን አየች፤ እሷም አይደለችም።

«ሦስተኛዋስ? ቀስታስ?»

«ወረደች» አለች ትልቋ፣ ጥርሷ እየተፋጨ። «የልምምድ ሰዓቴን ማን ነው የሚፈርምልኝ ብላ ጠየቀችው። ዝም በይ ብሎ ጮኸባት። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ከብቶች መንገድ ሲዘጉና ሹፌሩ ሲያቆም፣ በሩን ከፍታ ዘለለች። ሰውዬው ተከትሏት ወረደ። ሹፌሩ ጠብቆ ጠብቆ ሲቀርበት ፈራና እኛን ይዞ ሄደ።»

ተከትሏት ወረደ። ይህቺ ቃል በእትዬ ማኅተም ጆሮ ውስጥ እየተመላለሰች፣ አንድ ፖሊስ አሳፍረው ወደ ኋላ ተመለሱ። ፀሐይዋ መሀል አናት ላይ ነበረች።

መታጠፊያው አጠገብ የጡብ ማምረቻ አለ። ከሰው ቁመት በላይ የተደረደረ ጡብ፣ በመሀሉ እንደ ጠባብ መንደር ቀጫጭን መተላለፊያ። አንድ ጭቃ የሚያቦካ ሠራተኛ ፖሊሱን ሲያይ አካፋውን ጣለ። «አንድ እግሯ ባዶ የሆነ ልጅ ሮጣ ገብታለች» አለ። «አንድ ሰውዬም መጥቶ ጠይቆን ነበር፤ ዓይኑ ደስ ስላላለን አላየንም አልነው። ግን ይሂድ ወይም እዚሁ ይሁን አላውቅም።»

ፖሊሱ ሽጉጡ ላይ እጁን አደረገ። እትዬ ማኅተም አላስቻላትም። «ቀስታ!» ብላ ጮኸች። «ልጄ! እኔ ነኝ! እትዬ ነኝ!»

ከክምሩ ውስጥ አንድ ጡብ ወድቆ ተሰበረ። የእግር ኮቴ ተሰማ። ደግማ ጠራች። ኮቴው ራቀ። እሷ በጠራች ቁጥር ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ ይሸሻል።

ያን ጊዜ ገባት። ልጅቷ የምትሸሸው ከእሷ ነው። ወረቀቱን በእጇ ያስያዘቻት ማን ሆነና!

ከዚያን ቀን ፍርሃት ሁሉ ይህኛው ባሰባት። ባለችበት መሬት ላይ ቁጭ አለች። «አልመጣም፤ እዚሁ ተቀምጫለሁ» አለች። «ወረቀቱን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ሳላጣራ ነው ያተምኩት። አሞካሸኝና አመንኩት። እኔን አትመኚኝ፣ እሺ። ይሄ ግን እውነተኛ ፖሊስ ነው። መምህርሽም መጥቷል። ወደ እነሱ ውጪ።»

መምህሩም ከመዝገቡ ላይ ያነበበውን ስሟን ከነአባቷ ጠራ። 

ብዙ ቆዩ። በሁለት ክምሮች መሀል በመጀመሪያ የታየው እጇ ነው፤ ግማሽ ጡብ ጨብጧል። ከዚያ ራሷ ወጣች፤ ከፀጉሯ እስከ ባዶ እግሯ ቀይ አቧራ ለብሳለች። እትዬ ማኅተም አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

«እርስዎም ከእነሱ ጋር ነዎት?» አለች። ያን ቀን ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማ ነበር።

«አይደለሁም፣ ልጄ።»

ልጅቷ ፊቷን መረመረቻት። አመንኩም አላመንኩም አላለችም። አልፋት ሄዳ ፖሊሱ ጎን ቆመች። ጡቡን የጣለችው መኪና ውስጥ ገብታ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ሰውዬው አልተገኘም። እስከ ዛሬም አልተያዘም። እትዬ ማኅተም መነጽር ያደረገ ሰው በሯ ላይ በቆመ ቁጥር መጀመሪያ የምታየው ጫማውን ነው፤ ፊቱን ለማየት ድፍረት እስክታገኝ።

በሦስተኛው ቀን የልጅቷ እናት መጣች። ገና ከበሩ ስትገባ የእትዬ ማኅተምን ሁለት እጆች ይዛ፣ «ልጄን ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ አሉኝ፤ ዓይኔ ነሽ፣ እህቴ!» ብላ ልትስማት ጎንበስ አለች። ልጅቷ አልነገረቻትም ማለት ነው። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። እትዬ ማኅተም እጇን ሳትነጥቅ፣ «ወረቀቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለች።

የእናትየው እጅ ቀስ ብሎ ለቀቃት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሰድባት ብትሄድ፣ ብትመታት እንኳ እትዬ ማኅተም ዝግጁ ነበረች። እናትየው ግን ወለሉን እያየች፣ «እና አሁን ምን ይሻላል?» አለች። «ልምምዱን ካልጨረሰች አትመረቅም አሉኝ። እሷ ደግሞ ከክፍሏ አልወጣም ብላለች።»

ለእትዬ ማኅተም በማግስቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ማስታወቂያ ሁሉ ከዚያ ወዲህ በሁለት መምህራን እንዲጣራ ተወሰነ። እሷ ግን ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በእግሯ ሃያ ደቂቃ ወደሚያስኬድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄደች። ርዕሰ መምህሯን አነጋገረች። የተማሪ አማካሪዋን መታወቂያ አየች። የምክር ክፍሉ መስኮት ወደ ግቢው መሆኑን፣ በሩ ከውስጥ እንደሚከፈት አረጋገጠች። ከዚያ ሕፃናት ሲወጡና ሲገቡ እያየች ግማሽ ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዘበኛው፣ «ልጅ ሊያስመዘግቡ ነው?» ቢላት፣ «አዎ» አለችው።

የአዲሱን የልምምድ ቦታ አድራሻ ለቀስታ የሰጣት መምህሩ ነው፤ ከእትዬ ማኅተም እጅ አትቀበልም ብለው አስበው። የመጀመሪያውን ሳምንት በየጠዋቱ እሱና የክፍል ጓደኛዋ አጅበዋት ሄዱ። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው እስክትገባ ያዩዋታል፤ ማታም መጥተው ይወስዷታል።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ እትዬ ማኅተም በቢሮዋ መስኮት ስታይ፣ ቀስታ ብቻዋን ወደ ግቢው በር ስታመራ አየቻት። ሁለት ጊዜ ዞር ብላ ወደ ኋላዋ አየች። አንድ ነጭ መኪና ሲያልፍ አጥሩን ይዛ ቆመች። መኪናው ከዓይን እስኪሰወር ጠብቃ፣ ሻርፗን አስተካክላ፣ መንገዱን ተሻገረች።