የሳይረኗ ቤት

«እስቲ ዓይኗን እዩልኝ! ጠብ የሚል ነገር የለም» አለች ትልቋ አክስት፣ እሷ ሹክሹክታ ነው ብላ በምታስበው ድምፅ። የአክስት ሹክሹክታ ደግሞ ሁለት ክፍል አቋርጦ የሚሰማ ነው።

ልብስ ሰፊዋ እንዳልሰማ ሰው የሻይ ትሪዋን ይዛ አለፈች። እናቷ ከተቀበረች ወዲህ ትሪው ከእጇ ወርዶ አያውቅም። ለቀስተኛ ታስቀምጣለች፣ ሻይ ታዞራለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች። ማልቀስ ጠልታ አልነበረም፤ አልመጣ ብሏት ነው። እንባ ደግሞ ልጅ ልከው አያስጠሩትም።

«ደንግጣ ይሆናል» አለች አንዲት ጎረቤት።

«የእናት ሞት እንኳን ሰው ድንጋይ ያስለቅሳል!» አለች አክስት፣ ያበጠ አፍንጫዋን እየጠረገች። እሷስ እህቷን ከልቧ አልቅሳ አፍንጫዋ ተደፍኗል።

ሟቿን ሰፈሩ የሚያውቃት በስሟ ሳይሆን «ሳይረኗ» በሚል ቅጽል ነበር። ልብስ መተኮሻ ቤት ነበራት። ማታ ካውያውን ነቅላ፣ በሩን ቆልፋ፣ መንገዱን ካጋመሰች በኋላ ተመልሳ መነቀሉን የምታይ ሴት ነበረች። መኖሪያ ቤቷ ውስጥ የበሩ ቁልፍ በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ሌላ ቦታ ከተገኘ የዚያን ቀን ጉድ ይፈላል። የጋዝ ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር መገጣጠሚያውን የሳሙና አረፋ ትቀባና፣ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይል እንደሆነ ጎንበስ ብላ ታያለች። ይህም አልበቃ ብሏት፣ ቤተሰቡ ምሳ ሊበላ እንደተቀመጠ ድንገት እንደ እሳት አደጋ መኪና ሳይረን «እሳት!» ብላ ትጮኻለች። ያኔ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ወደ ግቢው መሮጥ አለበት። ጫማ መፈለግ ክልክል ነው። ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ባሏ እንኳ ያለ አንዲት ቃል ይሮጥላት ነበር።

የልብስ ሰፊዋ እጮኛ ወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ የተጋበዙ ቀን የሆነውን ግን ልብስ ሰፊዋ እስከ ዛሬ ስታስበው ጆሮዋ ይግላል። እናቷ በሾርባው መሀል «እሳት!» አለች። የእጮኛዋ አባት በካልሲ፣ እናቱም ማንኪያ እንደያዘች ግቢ ወጡ። እናቷ ከኋላ ደርሳ በረጋ ድምፅ «ደህና ነው፤ ትንሽ ዘገያችሁ እንጂ። በሉ ግቡ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል» አለቻቸው።

ያን ማታ ልጅቷ እያለቀሰች «እብድ ናት ይሉሻል! እኔም የእብድ ልጅ ልባል ነው!» አለቻት።

«ይሳቁ» አለች እናት፣ ሳህን እያጠበች። «የሚስቅ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው።»

አሁን ከጥግ የተቀመጠው ሽማግሌ አናጢ ሻዩን ሲቀበላት እጇን ያዝ አደረጋት። «ቁልፉን ለምን ሚስማር ላይ እንደምትሰቅል ነግራችሁ ታውቃለች?»

«አመሏ ነው ብለን ትተነዋል።»

«ሳታገባ፣ ተከራይታ ስትኖር ጎረቤቷ ቤት እሳት ተነሣ። ሰዎቹ ከውስጥ ቆልፈው ነበር የተኙት። እሷ በሩን ከውጭ ትደበድባለች፤ እነሱ በጭሱ ውስጥ ‹ቁልፉ አንተ ጋ ነው›፣ ‹የለም፣ አንቺ ጋ ነው› ይባባላሉ። ሁሉን ትሰማለች። ከዚያ ዝም አሉ።» ሽማግሌው ሻዩን አማሰለ። «ለኔም የነገረችኝ አንዴ ነው፤ ይህን በር የሠራሁላት ጊዜ። ሚስማሩን አላስመታችኝም፣ ራሷ መታችው።»

ልብስ ሰፊዋ ትሪውን ጉልበቷ ላይ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ስንት ዓመት ሙሉ አፍራባት ኖራለች! አንድ ቀን ብትነግረኝ ምናለበት ብላ ተናደደች። ጠይቃት እንደማታውቅ ግን ታስታውሳለች።

ውጭ ዝናብ ስለጀመረ ሹፌር የሆነው አጎቷ የጋዝ ምድጃውንና ገና የተቀየረውን ሲሊንደር ከግቢው ወደ ኮሪደሩ አስገብቶ ነበር። አረፋ የቀባ የለም፤ ያ የሟቿ ሥራ ነበርና ለማንም ትዝ አላለውም። ልብስ ሰፊዋን ጋዝ ሸተታት። ሌላውን አልሸተተውም፤ የቤቱ ሰው ሁሉ አልቅሶ አልቅሶ አፍንጫው ተደፍኗል። ለቀስተኛው መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተደርድሯል፤ ከእናቷ ፎቶግራፍ ፊት ሻማ ይነድዳል፤ አጎቷ ምድጃውን ሊለኩስ ክብሪት ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል።

«ጋዝ!» ብላ ጮኸች። «ኧረ ጋዝ!»

የለቅሶ ቤት ጩኸት ማን ይለያል? አክስት «ተመስገን፣ ወጣላት!» ብላ ተጠመጠመችባት። ሴቶቹ ዋይታቸውን አቀለጡት። አንዷ ወገቧን፣ አንዷ ክንዷን ያዘች።

«አልቅሺ የኔ ልጅ፣ ይውጣልሽ!»

«ልቀቁኝ! ማንም ማብሪያ እንዳይነካ!»

«ምስኪን፣ ትቃዣለች» አለች ክንዷን የያዘችው።

ልብስ ሰፊዋ ተፈናጥራ ወጣችና ሻማውን እፍ ብላ አጠፋችው። ዋይታው ቀጥ አለ።

«የእናቷን ሻማ!» አለች አክስት፣ እጇን አፏ ላይ ጭና።

ልብስ ሰፊዋ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋዝ እየፈሰሰ ነው። አጎቴ፣ ክብሪቱን ተወው። ሁላችሁም ተነሡና ውጡ። ጫማ አትፈልጉ።»

ሽማግሌው አናጢ በትሩን ተደግፎ ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ። «ጫማ አትፈልጉ ብላለች፤ አልሰማችሁም?» አለ። ሰፈሩ ይህን ትእዛዝ ያውቀዋል። አባቷ ከሽማግሌው ቀጥሎ ወጣ። ሌላው ተከተለ፤ አክስትም በባዶ እግሯ እያጉረመረመች። ልብስ ሰፊዋ የሲሊንደሩን መዝጊያ አዞረች፣ መስኮቶቹን በረገደች፣ የመጨረሻ ሆና ወጣች።

ግቢው ውስጥ ሰዉ በካልሲ፣ ካፊያ እየመታው ቆሟል። ሽታው በበሩ እየወጣ ለተደፈነውም አፍንጫ ደረሰ። አጎቷ ክብሪት ይፈልግበት የነበረውን እጁን አየና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። አክስት ወደ ልብስ ሰፊዋ ቀረብ ብላ «እኔ እኮ...» አለች።

አባቷ ብቻ ከሰው ተለይቶ፣ ፊቱን ወደ በሩ መልሶ ቆሟል። ኮቱን አውልቆ በሁለት እጁ ዘርግቶ ይዞታል።

«አባባ፣ ልበሰው እንጂ፤ ይበርድሃል» አለችው።

«እሷ እኮ ሁሌ መጨረሻ ነው የምትወጣው» አለ፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል። «ያውም ምንም ሳትደርብ።»

ከዚያ ያለውን ራሱ ሰማው። ኮቱን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

ልብስ ሰፊዋ ፊት ለፊቱ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች፤ ትከሻዋንም ዝቅ አደረገችለት። አባቷ ኮቱን ደረበላት፣ ኮሌታውንም አስተካከለላት።