የገረጣው ሰማያዊ

ዝናቡ ሦስት ወር አልቆመም። ቀለም አልደረቀልኝም፤ ገዢም አልመጣም። ቀለም ከምሠራበት ሰማያዊ ድንጋይ የቀረኝ አንድ ጭብጥ ብቻ ነበር።

ለሠዓሊዎች ቀለም የምፈጨው በእጄ ነው። ይህ ድንጋይ ከልክ በላይ ከተፈጨ ይገረጣል። አርባ ዓመት ስፈጭ የኖርኩ ሰውዬ፣ ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ፣ ከልክ በላይ አላምኩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ዱቄት አደረግኸው እኮ!» አለች ባለቤቴ።

ጎረቤታችን ሠዓሊው በዚህ መሐል ገባ። ለሠርጋችን ስጦታ የሙሽራዋን ምስል ሊሥል ቃል ገብቶ፣ «የሠርግ ሻርፕሽን ቀለም አጣሁት» እያለ ሠላሳ ዓመት አመላልሶናል። ሻርፑም ከጠፋ ቆይቷል።

«መጣህ፣ አንተ ውሸታም?» አለችው።

ዓይኑ የገረጣው ዱቄት ያለበት ሳህን ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ይኸው የሻርፕሽ ቀለም!»

«ተበላሽቶ ነው» አልኩት።

«ዝም በል! እንደዚህ አድርገህ ለማበላሸት ሠላሳ ዓመት ፈጀብህ?»

ባለቤቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሽበቴንስ ምን ልታደርገው ነው?»

«እሱን ለባልሽ ተይለት። እኔ የምሥለው ሙሽራዋን ነው።»

ድንጋዩን ሳልሸጠው አለቀ። ሙሽራዋ ግን ዛሬ ከመፍጫዬ በላይ ተሰቅላ ትስቃለች። ጎረቤቴም የቃሉን ዕዳ ከፈለ።