ጤነኛዋ መኪና

ሰፈሩ «ዶክተሩ» ይለዋል። መካኒክ ነው፤ ኮፈን ሳይከፍት፣ በጆሮው ብቻ የመኪናን በሽታ ይናገራል፤ በዚህ ማንም አይከራከረውም። የእሱ ጣጣ ሌላ ነው። ጤነኛ መኪና አያምንም። ሞተር ዝም ካለ ልቡ አያርፍም፤ የሆነ ነገር እየደበቀኝ ነው ይላል።

በዚህ አመሉ የተነሳ ሚስቱ እናቷን ካየች ሁለት ክረምት አልፏል። እናቷ የሚኖሩት ተራራው ላይ ነው፤ በረዶው አንዴ ከጣለ መንገዱ ይዘጋና እስኪቀልጥ ድረስ የሚወጣም የሚወርድም የለም። ካቻምና ሊሄዱ ሲነሱ «ለማየት ያህል» ብሎ ራዲያተሩን ፈታ፣ በረዶው ቀደማቸው። አምና ደግሞ ፍሬኑን። ዘንድሮ አሮጊቷ አልጋ ይዘው ከርመዋል፤ በስልክ በተገናኙ ቁጥርም «ልጄ፣ እስቲ ዓይንሽን ልየው» ማለት አብዝተዋል። ስለዚህ ሚስቱ ቁርጡን ነገረችው።

«ዓርብ ጠዋት እሄዳለሁ። ካንተ ጋር ቢሆን ደስ ይለኛል።»

«ዓርብ ጠዋት ሞተር አስነስቼ ደጅ ላይ ታገኚኛለሽ!» አለ አፉን ሞልቶ።

እውነቱን ለመናገር መኪናዋ ምንም አልነበረባትም። ግን እሱ ምን ቆርጦት ዝም ይላል! ሰኞ ከሥራ እንደተመለሰ ኮፈኗን ከፈተ፤ ማክሰኞ ግማሹ ሞተር ሳሎን ገብቶ ነበር። ዶክተሩ የፈታውን ሁሉ በፈታበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ይደረድራል፤ ሲገጥም ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጥሩ ዘዴ ነው። ችግሩ ያነጠፈው ጨርቅ ሚስቱ ለእናቷ የገዛችው አዲስ አንሶላ መሆኑ ነበር። ሚስቱ ቆሽቷ እያረረ ሻንጣዋን ልታሰናዳ መኝታ ቤት ገባች። እዚያ ደግሞ የሻንጣው ዚፕ በእጇ ላይ ቀረ።

ረቡዕ ጉድ ፈላ። ቤት ሊጠብቁላቸው የመጡት የዶክተሩ እናት ሳሎኑ ውስጥ የተዘረጋውን ብረት አይተው ልጃቸው አሳዘናቸው። ደክሞት ሳያነሳው የቀረ መሰላቸው። ቡሎኑንም ዳዶውንም አንድ ላይ ሰብስበው ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፉና በሳሙና ፈትገው አጠቡት።

«ና እይ፣ የኔ ጌታ! እንዴት አድርጌ እንዳበራሁልህ!»

ዶክተሩ ሳፋውን ቁልቁል አየ። የትኛው ከየት እንደወጣ ከእንግዲህ የሚያውቀው አንድ አምላክ ነው።

«እጅሽ ይባረክ፣ እማዬ» አለ። ሌላ ምን ይበል?

ሐሙስን እየገጠመ፣ እየፈታ፣ መልሶ እየገጠመ ዋለ። አመሻሹ ላይ ተሳካ ሲል አንዱ ቡሎን ተበጠሰና ግማሹ ሞተሩ ውስጥ ቀረ።

ዓርብ ጠዋት ሚስቱ በገመድ የታሰረ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። እሱ ከመኪናዋ ሥር ብቅ አለ።

«እስከ እሁድ ብቻ ታገሺኝ። እንደ አዲስ ነው የማደርጋት።»

«ምን ሆና ነበር እሷ?» አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ። እናቴ ሳላያት ብትሞት ይቅር የምልህ አይመስለኝም። ይህን የምነግርህ ስለምወድህ ነው።»

ንግግሯ አንጀቱ ውስጥ ገባ። ዘይት የጠጣ ሱሪውን እንኳ ሳይቀይር ሻንጣውን ተቀብሏት አውቶቡስ ተራ ድረስ አብሯት ሮጠ፤ አብሯትም ተሳፈረ።

ተራራው ወገብ ላይ ሲደርሱ አውቶቡሱ ተንገጫገጨና ቀጥ አለ። ሹፌሩ ሁለቴ ሦስቴ ሞክሮ አልነሳ ሲለው ወደ ኋላ ዞረ።

«ጎበዝ፣ መካኒክ የለም?»

ዶክተሩ እንዳቀረቀረ ሚስቱን በጎን አያት።

«ሂድ እንጂ!» አለችው። «የተበላሸውን ብቻ።»

ወርዶ ሲያይ የነዳጅ ቱቦው ማሰሪያ ላልቶ አየር አስገብቷል። በሹፌሩ መፍቻ አጠበቀው፣ አየሩን አስወጣ፣ ሞተሩ ተነሳ። ተሳፋሪው አጨበጨበ። እሱ ግን ጆሮው ቆመ፤ ከውስጥ በኩል አንድ ቀጭን ሲጥሲጥታ ይሰማል። ቺንጋው ይሆን? ወይስ የውሃ ፓምፑ? እንዲህ ያለው ድምፅ ሳምንትም ወርም ያስኬዳል፤ ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም እጁን በላው። መፍቻውን አነሳ።

ቀና ሲል ሚስቱን አየ። ጉም የለበሰውን መስኮት በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ላይ፣ ወደ እናቷ አገር ታያለች፤ እሱን ረስታዋለች። የበረዶው ብናኝ መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ትኩሱ ሞተር ላይ እያረፈ ይቀልጣል።

ዶክተሩ ኮፈኑን ዘጋ።

«ይሄ የሚጮኸውስ?» አለ ሹፌሩ። «ሳታየው?»

«ሰምቼዋለሁ» አለ ዶክተሩ። «ያደርሰናል፤ ንዳው!»