ለሌላ የማይናገር ሰዓት

መሪጌታ ገብረ ኪዳን የልብ ሕመም እንዳለባቸው የታወቀው መስከረም ላይ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘላቸውና፣ «ልብዎ በደቂቃ ከመቶ ሠላሳ በላይ ሲመታ ዐረፍ ይበሉ እንጂ አገልግሎቱን አይተዉ» አላቸው። በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ የምታስተምረው ልጃቸው ምስጢር ግን በዚህ አልረካችም። በሳምንቱ ስማርት ሰዓት ገዝታ መጣችና ግራ እጃቸው ላይ አሰረችላቸው።

«የልብ ምትዎን ይቆጥራል፤ ከወደቁም ለእኔ ይደውልልኛል።»

«ለእኔስ ምን ይነግረኛል?»

«እርስዎ ምንም አይቸገሩ አባባ። እኔ በስልኬ አየዋለሁ።»

ልጃቸውን ላለማስቀየም ሳይፈቱት ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ግን ዳገት በወጡ ቁጥር ምስጢር እየደወለች ስልካቸው ይጮኻል። ለቅሶ ሊደርሱ ጠዳ ሲወርዱ እንኳ፣ «ምነው ሳይነግሩኝ ከከተማ ወጡ?» አለቻቸው።

ኅዳር ላይ የደብራቸው ንግሥ ደረሰ። ታቦቱ ወጥቶ፣ ረፋዱ ላይ ሊቃውንቱ ወረብ ጀመሩ። ከበሮው ሲፋጠን መሪጌታ መቋሚያቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ከፊት ያሸበሽቡ ነበር። እጃቸው በኃይል ሲወርድ ሰዓቱ የወደቁ መሰለው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አምቡላንስ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመ። ምስጢር ከሁለት ነርሶች ጋር ሕዝቡን እየጣሰች ገባች። ከበሮው ቆመ። አባቷን እጃቸውን ይዛ ከመካከል አወጣቻቸው። በስልሳ ስምንት ዓመታቸው እንደ ሕፃን ሲጎተቱ፣ ድጓ ያስተማሯቸው ደቀ መዛሙርት ሁሉ ቆመው ያያሉ። አንዷ ነርስ የልብ ምታቸውን ለካችና ደኅና ናቸው አለች።

«ከዛሬ ጀምሮ ማኅሌት አይቆሙም» አለች ምስጢር።

መሪጌታ ሰዓቱን ፈትተው መዳፏ ላይ አኖሩት። «መቼ እንደምቆም የሚያዝዘኝ ይኼ አይደለም። አንቺም አይደለሽም።»

ወደ ቦታቸው ተመለሱና ጎናቸው የቆመውን ሌላ መሪጌታ፣ «ከየት ላይ ነው ያቆምነው?» አሉት።

ሰኞ ብቻቸውን ፒያሳ ወረዱ። አንድ የሰዓት ሱቅ ውስጥ ናዝራዊት የምትባል ሻጭ ሦስት አራት ዓይነት ስማርት ሰዓት ዘረገፈችላቸው።

«ይኼ ለአባቶች የሚሆን ነው። ልጆችዎ ካሉበት ሆነው ያዩዎታል።»

«እሱን መልሽው። እኔ የማነብበው፣ ለሌላ የማይናገር አለሽ?»

ጥቂት አሰበችና የልብ ምት የሚቆጥር፣ ቁጥሩ ጎላ ያለ አንድ ቀጭን አምባር አወጣች። «ከስልክ ጋር ካላገናኙት ለማንም አይናገርም።»

አሰሩት። ከዚያ ገበያተኛው እያየ፣ ሱቁ መሐል መቋሚያቸውን ይዘው አሸበሸቡ። አምባሩ ዘጠና ስድስት አለ እንጂ አልጮኸም። «ሸጋ ነው» አሉ፤ «መቶ ሠላሳ ሲያልፍ እጄን እንዲነዝረኝ አድርጊልኝ።»

ከሱቁ በቀጥታ ማራኪ፣ ልጃቸው ቢሮ ሄዱ። ምስጢር አምባሩን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ቢወድቁ ማን ይነግረኛል?»

«ብወድቅ አጠገቤ ያለ ሰው ያነሣኛል፤ ይደውልልሽማል።»

«እማዬ ስትሞት ክፍል ገብቼ አስተምር ነበር» አለች። «ማን ደወለልኝ?»

መሪጌታ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ይህን አንድም ቀን አውርተውት አያውቁም። ያን ቀን የደነገጠው ሰው ሁሉ መደወል አልታሰበውም ነበር፤ እሳቸውም ከደነገጡት አንዱ ነበሩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ስለዚህ ሲደክመኝ ራሴ እነግርሻለሁ። ማኅሌቱን ግን አልተውም። ቃሌን ካላመንሽ አሥር የእጅ ሰዓት ብታስሪብኝም አያገናኘንም።»

ምስጢር እስከ ታክሲው ሸኘቻቸው።

ጥር ላይ ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ፣ ዳገቱ መካከል አምባሩ ነዘራቸው። ከሰልፉ ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ደወሉ።

«ምስጢር፣ መቶ ሠላሳ አራት ገብቷል። ተቀምጫለሁ።»

«ልምጣ?»

«አትምጪ።»

ስልኩን አልዘጋችም። ዝማሬው አልፏቸው ሲሄድ አብራ ሰማች። ቆይታም፣ «አሁንስ?» አለች።

«መቶ ሁለት።»

«እንግዲያ ይነሡ አባባ» አለች፤ «ታቦቱ ጥሎዎት ሊሄድ ነው።»